«ስንት ዶላር ጠየቁ?»

በቃ እዚሁ ላራግፈው፤ አለዚያ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።

የጄንኪንሱን ዲስክ ነገር ታውቁታላችሁ። ጄንኪንስ ማለት የዴቨሎፐሮቹን ኮድ ወስዶ አፑን በራሱ የሚገነባልን ፕሮግራም ነው፤ ግንባታው ቢልድ ይባላል። ሞላ፣ ሞላ እያልኩ ስጮህ የከረምኩበት። 250 ጊጋ ዲስክ ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም፣ ጄንኪንሱም፣ ሎጉም ተደራርቦ። ነፃ ቦታው ከ1 ጊጋ ሲወርድ ጄንኪንስ ራሱ ኖዱን፣ ማለትም ቢልድ የሚሠራበትን ማሽን፣ ኦፍላይን ያደርገዋል። ያኔ ዴቨሎፐሮቹ ስልክ ያነሳሉ። «ቢልዱ ቆሟል፣ ምን ነካክተሽ ነው?» ምንም አልነካሁም ወንድሜ። ኮድ ፑሽ ባደረግክ ቁጥር የሚወጣውን ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ ፋይል) ሁሉ አርካይቭ አድርግ ብለህ የቀረኸው አንተ ነህ። አሮጌ ቢልድ ይጥፋ የምትለዋን ሳጥን ቲክ ማድረግ ይሄን ያህል ይከብዳል? «አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል» ይሉኛል። የካቻምናውን ቢልድ ማን ነው የሚፈልገው? ሙዚየም ልንከፍት ነው?

ዲስክ ይገዛልኝ አልኩ። ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ። አመጣሁ። ፊርማ ሲጠበቅ ዋጋው ጨመረ። ድጋሚ አምጪ። የግዢ ክፍሏ ሴትዮ «ፍላሽ አይበቃሽም?» ብላኛለች፣ እግዜር ያሳያችሁ። የአለቃ ወንበር ሲገዛ ግን ፕሮፎርማው... ተዉት፣ አሁን እሱ ውስጥ ከገባሁ አልወጣም።

ዲስኩ ከስንት ልመና በኋላ መጣ። ሥራው ለሚያውቀው ከባድ አይደለም። ሰርቪሱን ታቆማለህ፣ የጄንኪንስን ፎልደር አርሲንክ በሚባለው መገልበጫ ከነፐርሚሽኑ ትገለብጣለህ። በተለይ ሲክሬትስ የምትባለዋን ፎልደር ከነነፍሷ። እሷ ከቀረች ጄንኪንስ ውስጥ የተቀመጠውን ፓስወርድ ሁሉ የሚፈታው የለም። እዚያ ውስጥ እስካሁን ሁድሰን የሚል ስም ያለው ፋይል አለ። ጄንኪንስ እስከ 2011 ሁድሰን ነበር የሚባለው፤ ሠሪዎቹ ከኦራክል ኩባንያ ጋር ሳይስማሙ ሲቀሩ ስም ቀይረው ወጡ። እነሱስ ወጡ። እኔ ነኝ መሥሪያ ቤት መቀየር ያቃተኝ።

ከዚያ የፎልደሩን አዲስ አድራሻ ለጄንኪንስ መንገር ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ትቶት የሄደው ሰነድ «ኢቲሲ ዲፎልት ውስጥ ያለውን ፋይል ቀይሩ» ይላል። ይሄ ነገር ከ2022 ጀምሮ፣ ከቨርዥን 2.332.1 ወዲህ አይሠራም። አሁን ሰርቪሶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ ነው፣ የእሱ ኦቨርራይድ ፋይል ውስጥ ነው የሚጻፈው። አሮጌው ፋይል ላይ ብትጽፍ ጄንኪንስ ዞር ብሎም አያይህ፣ ስህተት ነው ብሎም አይነግርህ። ይህንን ሁሉ ቅዳሜ ማታ፣ ሰው ሰርግ ላይ ሲጨፍር፣ ቁጭ ብዬ ሠራሁ። ኦቨርታይም ስል «አንቺ እኮ ፕሮፌሽናል ነሽ» ተባልኩ። ፕሮፌሽናል ታክሲ በነፃ ትሳፈራለች መሰላቸው።

ልወጣ ስል አንዱ ባልደረባዬ «መሽቷል ሂጂ፣ ኤፍኤስታብ ውስጥ እኔ አስገባዋለሁ» አለ። ኤፍኤስታብ የዲስኮች ዝርዝር ያለበት ፋይል ነው፤ የምትገባው ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ዲስኩ በራሱ ማውንት እንዲሆን፣ ማለትም እንዲገናኝ፣ የምታደርግ አንዲት መስመር ናት። አንዲት! ዛሬ ስጠይቀው «አስገብቻለሁ» ብሎ ማለልኝ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። የለችም።

እሁድ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ እሱንም በደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ማን አንብቦት። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ ዲስኩ ማውንት አልሆነም፣ ጄንኪንስ ባዶ ፎልደር አገኘ። ባዶ ሲያገኝ ደግሞ ገና ዛሬ የተጫነ ይመስለውና «አንሎክ ጄንኪንስ» የሚል ገጽ አውጥቶ ፓስወርድ ይጠይቃል። ፎልደሩን ቀድሞ ፈጥሮ ለጄንኪንስ ዩዘር የሰጠውም ያው ባልደረባዬ ነው፤ ያንን ባያደርግ ኖሮ ጄንኪንስ አልነሳም ብሎ ያርፍ ነበር። ዳታው አዲሱ ዲስክ ላይ በሰላም ተኝቷል። ጄንኪንስን ማቆም፣ ማውንት፣ ማስነሳት፣ አለቀ።

ግን ገጹን ቀድሞኝ ያየው አለቃዬ ነው። ዛሬ ጠዋት፣ ፕሮጀክተር ላይ፣ ደንበኛ ፊት።

«ነይ እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲስኩ ማውንት ስላልሆነ ነው፣ አሁን...»

«አንሎክ ይላል እኮ! ፓስወርድ አምጡ ይላል! ተቆልፈናል!»

«አይ፣ ይሄ የጄንኪንስ የራሱ ገጽ...»

«ስንት ዶላር ጠየቁ?»

እንግዳው ቡናውን አስቀመጠ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አለቃዬ በቀደም የራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ሥልጠና ወስዶ መጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ፕሪንተር ወረቀት ቢነክስም ራንሰምዌር ነው።

«ማንም ምንም አልጠየቀም። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

«ሃከር አምስት ደቂቃ ይሰጣል?»

ከዚያ የሰርቨሩ ኬብል ይነቀል ብሎ አዘዘ። የተላከው ማን መሰላችሁ? ያው ባለ ኤፍኤስታቡ! ሄዶ የነቀለው ደግሞ የሒሳብ ክፍሉን ሰርቨር ነው። ወዲያው ሒሳብ ክፍል ደወለ፣ «እኛም ተጠቅተናል!» ሆ! ይሄኔ ነው አለቃዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ዳታ መገልበጥ እኮ ኮፒ ፔስት ነው። የእኔ ልጅ ቤት ውስጥ ፊልም በፍላሽ ይገለብጣል፣ አንድ ቀን ምንም አጥፍቶ አያውቅም» ያለኝ።

የአንተ ልጅ ይቀጠር አላልኩም። ዋጥኩት። የቤት ኪራይ አለብኝ።

ሄጄ ማውንት አደረግኩት። ሁሉም ጆብ፣ ሁሉም ቢልድ፣ የካቻምናው ቆሻሻ ሳይቀር፣ አንድም ሳይጎድል ተመለሰ። ስመለስ አለቃዬ ለደንበኛው «ጥቃቱን በቁጥጥር ስር አውለነዋል» እያለው ነበር። ደንበኛው አድንቆታል።

ማምሻውን ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለ ሳይበር ጥቃቱ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢው ኬብል ነቃዩ ነው። እኔ ነገ 3 ሰዓት ላይ ቀርቤ ቃሌን እሰጣለሁ። ክፍት የሥራ ቦታ የምታውቁ ኢንቦክስ።