ማስተካከያ፦ የአሮጌውን ፕሪንተር አይፒ ለአዲሱ መስጠት ብቻውን አይበቃም

ጎንደር ውስጥ ቤታቸውን ቢሮ አድርገው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ በቴሌግራም የተዘዋወረው መልእክት «ለአዲሱ ፕሪንተር የአሮጌውን አይፒ አድራሻ ስጡት፤ ኮምፒውተሩን መንካት አያስፈልግም» ይላል። ይህ ስህተት ነው።

አይፒ፣ ማለትም መሣሪያው በኔትወርኩ ላይ ያለው የአድራሻ ቁጥር፣ የሚጠቁመው የሕትመት ሥራው ወዴት እንደሚላክ ነው። ገጹን ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ የሚያዘጋጀው ግን ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው የፕሪንተሩ ፕሮግራም) ነው፤ የአምራቾች መመሪያም ለሞዴሉ የተሠራውን ድራይቨር ጫኑ ይላል። አሮጌው ድራይቨር እንዳለ ከቀረና አዲሱ ማሽን ቋንቋውን ካላወቀው፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ አዝዛችሁ አናቱ ላይ ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ያለበት ወረቀት በላይ በላዩ ይወጣል። ያኔ ትእዛዙን ከኮምፒውተሩ ሰርዙ፤ ፕሪንተሩን ማጥፋት ብቻውን አያስቆመውም፣ ሲበራ ሊቀጥል ይችላል።

ራውተሩ (ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው መሣሪያ) ላይ አይፒው በማክ አድራሻ፣ ማለትም በመሣሪያው የራሱ መለያ ቁጥር፣ ተይዞ ከሆነ ደግሞ፣ አዲሱ ማሽን የራሱ ማክ ስላለው ምዝገባው መቀየር አለበት። ይህ ካልተደረገ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ አይፒ ሊሰጠውና ኮምፒውተሩ ሊያጣው ይችላል። አሮጌውን ሳትነቅሉ ያንኑ አይፒ ለአዲሱ አትስጡ፤ ይጋጫሉ።

በመልእክቱ መሠረት አይፒውን የቀየራችሁ መመለስ አይጠበቅባችሁም። የቀራችሁ በየኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን፣ አይፒው በማክ ተይዞ ከሆነም የራውተሩን ምዝገባ መቀየር ነው።