እናንተ የቦዬ ጎረቤቶች፣ ስሙኝ

የጅማ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ከራሴ ስለሚጀምር ግን ቅር አይበላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በከተማችን ረግረግ በቦዬ በኩል በእግሬ ሳልፍ አንዲት ተማሪ ጨፌው ዳር ቁጢጥ ብላ መሬት መሬቱን ስታይ አገኘኋት። ቦት ጫማ አድርጋለች። እጇ ላይ የወረቀት ፖስታ አለ። አንድ ላባ በመቆንጠጫ ታነሳና ፖስታው ውስጥ ትከታለች፤ ከዚያ በእርሳስ ትጽፍበታለች። መንገድ ዳር የቆሙ ሁለት ባለ ባጃጆች "እህት፣ ትራስ ልትሠሪ ነው?" እያሉ ይሳሳቃሉ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ኮስተር ብሎ "አይ፣ የወፎቹን ዘር ለፈረንጅ ሊሸጡት ነው" አለ። እኔስ? እኔም ሳቅሁ። የትራሷ ቀልድ ጥማኝ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ በዚያው ስመለስ ልጅቷ እዚያው ናት። አፈርኩና ጠጋ ብዬ "ለመሆኑ የወደቀ ላባ ምን ያደርግልሻል?" አልኳት። "ጋሼ፣ ይቺን ይዩዋት" ብላ አንዱን አሳየችኝ። ላባው ከቆዳ ጋር ተያይዞ በነበረበት በኩል፣ እንደ ስንደዶ ቀጥ ባለው አገዳ ውስጥ፣ የደረቀች ደም አለች። የሰናፍጭ ፍሬ አታክልም። የምትፈልገው እሷን ነው። ወፉን ማሳደድ የለ፣ መያዝ የለ፣ መርፌ የለ። ፌስታል ውስጥ ለምን እንደማታስቀምጠው ጠየቅኳት። ፌስታል ያልባል፣ እርጥበቱም ዲኤንኤውን ያበላሸዋል አለችኝ። ወረቀት ግን ይተነፍሳል።

ያቺ የደም ጠብታ ምን ትናገራለች? ዲኤንኤ በአራት ፊደል የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው በሉ። እዚህም እዚያም ጽሑፉ እንደሚንተባተብ ሰው አንድ ነገር ይደጋግማል፤ ሁለት ሦስት ፊደል ይዞ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ሳይንቲስቶች ማይክሮሳቴላይት ይሉታል። የድግግሞሹ ቁጥር ከወፍ ወፍ ይለያያል፤ እያንዳንዱ ወፍም ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት ይመጣል፣ አንዱ ከአባት። እንዲህ ያሉ ብዙ ቦታዎች ሲነጻጸሩ ይህ ላባ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የትኛው ወፍ የትኛውን እንደወለደ ይታወቃል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ወይስ ባዕድ ተቀላቅሎባቸዋል? እሱም ይታወቃል። ከእናት ብቻ የሚወረስ ሌላ የዲኤንኤ ክፍል ደግሞ አለ፤ እሱ የሩቁን የዘር ሐረግ ያሳያል።

ወንድና ሴቱም ከዚሁ ይለያል። ባለ ዘውዱን ክሬን ታውቁታላችሁ፤ አናቱ ላይ ወርቃማ ጭራሮ የመሰለ ዘውድ የደፋው ረጅም ወፍ። (ክሬን ስል ፎቅ የሚሠራበት ማሽን እንዳይመስላችሁ።) ወንዱና ሴቷ ለዓይን አንድ ናቸው። በደም ግን ይለያሉ። የሚገርመው በወፍ ዘንድ የልጅን ጾታ የምትወስነው እናት ናት። በሰው ደግሞ አባት ነው። ይህን ያልኩት "ወንድ ልጅ አልወለደችልኝም" እያላችሁ ሚስቶቻችሁን የምታማርሩ ስላላችሁ ነው። እንደ ወፍ ብትሆኑ ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ቁጣዬ። ጅማ ተቀምጦ በዘር ጥናት መሳቅ ምን ይባላል? ሌላው ቢስቅ እሺ፣ አያውቅም። እኛ ግን የምንበላው ከዘር ጥናት ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ሲገባ ፍሬውን ገና እንጭጭ ሳለ እያጠቆረ ስንቱን ቤት ባዶ አስቀረ። መድኃኒቱ የተገኘው ከጫካ ነው። ተመራማሪዎች በየጫካው ዞረው፣ በበሽታው መሐል ሳይነካቸው የቆሙትን ዛፎች መርጠው፣ እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ወዳለው የግብርና ምርምር ማዕከል አምጥተው ፈተኗቸው። 74110፣ 74112፣ 74158 እያልን እንደ ልጅ ስም የምንጠራቸው ችግኞች የዚያ ፍሬ ናቸው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። በየጫካው ዓይነት ዓይነቱ ቡና ባይኖር ኖሮ የሚመረጥ ነገር ባልነበረ። ጓሯችሁ ያለውን ቡና ያተረፈላችሁ ይህ ነው። እና አንዲት ልጅ ይህንኑ ለወፍ ስታደርግ ትራስ ልትሠሪ ነው እንላታለን!

"ወፎቹ ይኸው አሉ፣ ማታ ማታ ሲመጡ እናያቸዋለን" የሚል አይጠፋም። መኖራቸውማ አሉ። ቆጠራ ግን ሁሉን አይናገርም። በአሜሪካ ኢሊኖይ በምትባል ግዛት ፕሪሪ ቺክን የምትባል የሣር ሜዳ ወፍ ነበረች፤ የቆቅና የጅግራ ዘመድ ናት። ሣሩ ሁሉ ታርሶ በቆሎ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉት ወፎች በ1994 ከ50 በታች ቀሩ። መሬት ተከልሎላቸው ነበር። ያም ሆኖ እንቁላሉ ድሮ በሚፈለፈለው ልክ አልፈለፈል አለ። በሙዚየም ከተቀመጡት፣ በ1930ዎቹ ከነበሩት ወፎች ዲኤንኤ ወስደው ከአሁኖቹ ጋር ሲያነጻጽሩ ነገሩ ወለል አለ። የድሮዎቹ የነበራቸው ብዙ ዓይነት የዘር ልዩነት ከአሁኖቹ ላይ ጠፍቷል። እርስ በርስ ሲዋለዱ የኖሩ ዘመዳሞች ሆነዋል። ከሚኒሶታ፣ ከካንሳስና ከነብራስካ ሌሎች ወፎች አምጥተው ሲቀላቅሉባቸው እንቁላሉ እንደገና መፈልፈል ጀመረ። "ዘር ከልጓም ይስባል" የምንለው እኛ፣ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባው እኛ፣ ይህ ሊገባን አይገባም?

እነሱስ ሌላ ግዛት ነበራቸው፤ ሄደው አመጡ። በእኛ ደጋማ ረግረግ የምትኖረው አገጯ ሥር ጥንድ ሥጋ የሚንጠለጠልባት ትልቋ ክሬን ግን ዘመዶቿ ያሉት ከኬንያ ወዲያ፣ እነ ዛምቢያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምታሳድገውም አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ከእኛ ዘንድ ካለቀች ከጎረቤት ቀበሌ የምትመጣ ምትክ የለችም።

ወደ ነጌሌ ቦረና ልውሰዳችሁ። ሊበን የሚባል የሣር ሜዳ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ላርክ የምትባል፣ ቡናማ፣ ከሣሩ መለየት የሚያስቸግር ትንሽ ወፍ አለች። ለብዙ ጊዜ የዓለም ሰው በዚያ ሜዳ ብቻ የምትገኝ ብቸኛ ዝርያ አድርጎ ያውቃት ነበር። በሌላ በኩል በሶማሌላንድ የምትኖር ዘመድ መሳይ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1922 ወዲህ በእርግጠኝነት ያያት የለም። ኋላ ጅጅጋ አካባቢ የምትመስላት ተገኘች። ዲኤንኤያቸው ሲመረመር፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም፣ ሦስቱም አንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። "ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች" እንላለን። ልክ ነው፤ ግን በጩኸት ብቻ ቢፈረድ ዘመዳማቾቹ ተለያይተው ይቀሩ ነበር።

ደስ የሚል ዜና ይመስላል አይደል? አይደለም። ወፏ ያለችባቸው ቦታዎች ሁለት ሆኑ እንጂ ሣሩ አልጨመረም። ሊበን እየታረሰ፣ ከብት እየበዛበት፣ ቁጥቋጦ እየወረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ ከታወቁ ወፎቹ መጀመሪያ የሚያጣት እሷን ሳይሆን አይቀርም ብለው የጻፉ አሉ። ዲኤንኤው ወፏ ማን እንደሆነች ነገረን። እንድትኖር ማድረግ ግን የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም።

በርጋን ደግሞ እዩ፤ ከአዲስ ዓለም አጠገብ ያለውን ረግረግ። ነጭ ክንፍ ያላት፣ ሣር ውስጥ ተሸጉጣ የምትኖር ድንቢጥ የምታህል ወፍ በክረምት እዚያ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ ካደጉት ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ደቡብ አፍሪካም ትታያለች። የሁለቱ አገር ወፎች ዲኤንኤ ሲነጻጸር ያን ያህል የተለያዩ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ በርጋ ላይ የሚበላሽ ነገር እዚያ ድረስ ይሰማል። ግን እኔን የገረመኝ ዲኤንኤው አይደለም። የበርጋ ገበሬዎች ጫጩቶቹ እስኪበሩ ከብታቸውን ከሜዳው ያቆያሉ። ከብታቸው ተርቦ! እኛ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነን እያልን ደረት የምንነፋው ከእነሱ በምን በለጥን?

ቦዬን እንያት። በአንድ በኩል ሸክላ አፈሩ እየተቆፈረ ጡብ ይሆናል። ጉድጓዱ ውሃ ያቁርና ሣር አያበቅልም። በሌላ በኩል ባህር ዛፍ ይተከላል፤ ውሃውን ይመጠዋል። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ሲወርድ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ አልነግራችሁም፣ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ። ዳይፐር ከነካካው ወንዝ መወርወር የማን ባህል ነው? ባለ ዘውዱ ክሬን በዝናብ ወራት ጨፌው መሐል ሣር ከምሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሁለት ሦስት እንቁላል ይጥላል። እኛ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ሲደርስ፣ ቄጤማ ብለን ጨፌውን በማጭድ እንላጨዋለን። ቡና ያለ ቄጤማ አያምርም፤ አውቃለሁ፣ እኔም ቤት ይጎዘጎዛል። ግን ከመሐሉ ለምን? ከዳር ዳሩ አይበቃም? ወፉ ቆሞ ዙሪያችሁን እየዞረ ከጮኸባችሁ ጎጆው አጠገብ ናችሁ ማለት ነው። ማጭዱን አንሱና ራቅ በሉ።

ጫጩት ይዛችሁ ገመድ አስራችሁ ግቢ ውስጥ የምታቆሙም አላችሁ። "ሲያጨበጭቡለት ይጨፍራል" እያላችሁ ቲክቶክ ላይ ታወጡታላችሁ። የታሰረ ወፍ አይዋለድም። ከጥቂት ወፎች መሐል አንድ ስትወስዱ አንድ ሥጋ ብቻ አይደለም የወሰዳችሁት፤ ሌሎቹ የሌላቸውን የዘር ልዩነት ይዛችሁት ትሄዱ ይሆናል።

ጡብ የሚያቃጥለውን ልጅ አልቆጣም። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ነው፤ ላቡ ነው። እሱን ከመሬት ተነስቶ ተው ማለት ነውር ነው፤ መጀመሪያ ሌላ እንጀራ አሳዩት። የምቆጣው ገዢውን ነው። ገዢው ማን ነው? እኔ ነኝ። የግቢዬ አጥር ከቦዬ አፈር በወጣ ጡብ የተሠራ ነው። ርካሽ ነው ብዬ አንድ አይሱዙ ሙሉ አስጫንኩ። ከየት እንደመጣ ጠይቄ አውቃለሁ? አልጠየቅሁም። አሁን አጥሬን ሳይ ስንት ካሬ ሣር እንደሚሆን በልቤ እቆጥራለሁ። ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ ሻጩን ጠይቁት። ከጨፌው ነው ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ብሎኬት አለ፤ ድንጋይ አለ።

ተመራማሪዎችም ትንሽ ልቆጣችሁ። ላባ ትወስዳላችሁ፣ ትመረቃላችሁ፣ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ከዚያ ወዲያ ማን አያችሁ? ጎልማሳው "ለፈረንጅ ሊሸጡት ነው" ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ምን እንዳገኛችሁ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። የጄኔቲክ ሀብት አወሳሰድ አዋጅ አለን፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቁጥሩ 482። የማኅበረሰብ መብት ይላል። ሕጉ ይህን ካለ፣ ውጤታችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ቡና እየጠጣችሁ በኦሮምኛም በአማርኛም ብትነግሩን ምን ይቸግራችኋል? ቡናው በእኔ።

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። "ኧረ ለምዶብኛል ጋሼ" አለች። ይሄ "ለምዶብኛል" ከስድብ ይብሳል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ከገበያ ስመለስ መንገድ ዳር አንድ ግራጫ ላባ አገኘሁ። አገዳውን አየሁት፤ ጠብታዋ አለች። ደረሰኝ አጥፌ ፖስታ ሠራሁና ከተትኩት። በእርሳስ ቀኑን ጻፍኩ፣ "ቦዬ" ብዬም ጻፍኩበት። ስሰጣት ደስ አላት፤ ግን ጽሑፉን አይታ ፖስታውን መለሰችልኝ።

"ጋሼ፣ ቦዬ የቱ ጋ?" አለች። "ከሣሩ በኩል ነው ከጡቡ?"