ሞላው የወሰደውን ይመልሳል

ወንድሜ፣ «ጠንካራ የቫልቭ ሞላ ካስገባህ ሞተሩ እሱን ሲጫን ጉልበቱን ይጨርሳል» ያልከው ጋራዥ ውስጥ ብዙ ይወራል። ግን ግማሹን ብቻ ነው የቆጠርከው።

ቫልቭ የሞተሩ አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በር ነው፣ ካሙ ደግሞ እየዞረ ቫልቩን የሚገፋው ጉብታ ያለው ዘንግ። ካሙ ቫልቩን ሲከፍት ሞላውን ይጫናል፣ ልክ ነህ። ቫልቩ ሲዘጋ ግን ያው ሞላ ካሙን መልሶ ይገፋዋል። አብዛኛው ጉልበት ይመለሳል። የሚባክነው በፍትጊያ የሚሄደው ነው።

ጉልበት በደንብ የሚጠፋው ሞላው ሲሸነፍ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል! ደካማ ሞላ እዚያ ላይ ቫልቩን ከካሙ ጋር ማስኬድ ያቅተዋል። ቫልቩ አየር ላይ ይቀራል፣ ወይም መቀመጫው ላይ ይነጥራል። የታመቀው አየር ያመልጣል፣ መኪናው ይደክማል። ክፍት የቀረውን ቫልቭ ፒስተን ከመታው ደግሞ ወጪውን አንተ አስበው።

ጥንካሬ ብቻውንም አይበቃም። ሞላው የራሱ የንዝረት ፍጥነት አለው። የካሙ ምት ከዚያ ጋር ሲገጣጠም ጥቅልሎቹ ይርገበገባሉ፣ ቫልቩን የሚይዝበት ኃይል ይቀንሳል። ሬኖ በ1986 እ.ኤ.አ. ፎርሙላ ዋን ላይ የብረቱን ሞላ በታመቀ ጋዝ የተካው ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ነው።

ለከተማ መኪና ግን የፋብሪካው ሞላ ይበቃል። ከዚያ የጠነከረው ካሙን ቶሎ ይበላዋል።