«በሞቴ» ያለው ጎብሊን

ቅዳሜ ማታ የሚደውልልኝ ዘመድ ሁሉ «ሥራ ላይ ነው» ይባላል። እንዲህ የምትለው ባለቤቴ ናት። እውነቱን መናገር ታፍራለች። እውነቱ ምን መሰላችሁ? የ46 ዓመት ጎልማሳ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሥራ ባልደረባው ቤዝመንት ውስጥ ተቀምጦ፣ ሬሳ ሆኖ እየተናገረ ነው።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን የፈጠሩት ሲሆን የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ነው። በወሬ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከብባል። አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ ሌባ ይሆናሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚለየው በዳይስ ነው፤ ያውም ሃያ ፊት ባለው ዳይስ። የቀረውን ፍጡር በሙሉ፣ ንጉሡንም ባለሱቁንም ዘንዶውንም፣ የሚጫወተው አንድ ሰው ነው። ዲ ኤም ይሉታል። ፍጡሮቹን ደግሞ ኤን ፒ ሲ። እኔን ዲ ኤም ያደረጉኝ «አንተ ወሬ ትችላለህ» ብለው ነው። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

መጀመሪያ ነገሩ ድምፅ መቀያየር መስሎኝ ነበር። ለንጉሡ ወፍራም፣ ለአሮጊቷ የተሰነጠቀ። በሁለተኛው ሰዓት ጉሮሮዬ ተዘጋና ንጉሡና አሮጊቷ አንድ ሰው ሆነው አረፉት። ለንጉሡ እኮ ሦስት ገጽ ታሪክ ጽፌለታለሁ! እስከ ቅድመ አያቱ። ተጫዋቾቹ ግን «እሺ፣ እሺ» ብለው አለፉትና በር ላይ ወደቆመው ጎብሊን ዞሩ። ጎብሊን ጆሮው ትልቅ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጠባዩ ክፉ ፍጡር ነው። የዚህኛው ሥራ በር መክፈት ብቻ ነበር።

«ስምህ ማን ነው?» አለችው ከተጫዋቾቹ አንዷ፣ ነርሷ።

ስም አላዘጋጀሁም። ስደነግጥ አፌ ላይ የመጣው የአጎቴ ስም ሆነ። «ጋሽ ወልዴ» አልኩ።

በእንግሊዝኛ «ጋሽ» ማለት ጥልቅ ቁስል ነው። በሰይፍ የተተለተለ ዓይነት። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። «ስንት ሰው ቢተለትል ነው ይህን ስም ያወጡለት?» አለ ሌላው ተጫዋች፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ በአክብሮት።

ስሙን ካዋስኩት አይቀር ጠባዩንም ጨመርኩለት። መንገድ ሲጠይቁት «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» ይላል። ዳቦና ሥጋ አቀረቡለት። «አይ፣ በልቻለሁ» አለ። እነሱም «እሺ» ብለው ምግቡን ወደ ከረጢታቸው መለሱት።

ጋሽ ወልዴን እንዲህ የደፈረው የለም። ፊቱን አጠቆርኩት። ሒሳብ ሠራተኛው ጠረጠረ። በዚህ ጨዋታ የሰውን ሆድ ለማወቅም ዳይስ ይጣላል። ጣለ፤ 20 ወጣ። ከዚያ በላይ ቁጥር ስለሌለ መደበቅ አልቻልኩም። «ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ብትለምኑት ይበላል» አልኩ። አምስት ደቂቃ ያህል ተከራከሩ። በመጨረሻ ማን እንደረገመው መመርመር ጀመሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋባዡ ራሱ ሆነ። «ጠግበናል» ሲሉት «በሞቴ!» አላቸው። ቃል በቃል ነው ወደ እንግሊዝኛ የተረጎምኩት። ሰይፍ ተመዘዘ። አንዷ «ራሱን ሊያጠፋ ነው!» ብላ ተነሣች፤ ሌላው ወጡ ተመርዟል አለ።

ከዚያ ወዲህ የድምፁን ነገር ተውኩት። አዲስ ፍጡር ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ምን ቅር ብሎታል? ለምሳሌ ሬሳን አምስት ጥያቄ የሚያስጠይቅ ድግምት አለ። ሬሳው ከሞተ ወዲህ የሆነውን እንደማያውቅ ደንቡ ይናገራል። እንግዲያው ቅር ያለው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። የመቃብሩ ቁልፍ የት እንዳለ ሲጠይቁት «ለቅሶዬ ላይ ስንት ሰው መጣ?» አላቸው። «ምን?» አለ ጠንቋዩ። ሁለት ጥያቄ ሄደ። «ጎረቤቴስ ብቅ ብላለች?» «የቷ ጎረቤት?» ሦስት። ቁልፉ እስከዛሬ አልተገኘም።

ኬንኩ የሚባል ወፍ መሰል ፍጡርም አለ። ከጨዋታው እትሞች በአንዱ የራሱ ድምፅ የለውም፤ የሰማውን ብቻ ነው የሚደግመው። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የአዲስ አበባ ወያላ ነው። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» አልኩ። ስለ አደባባዩ የሚያውቅ የለም። ሀብቱ የተቀበረው ሜክሲኮ አገር ነው ብለው ካርታ ሊያወጡ ሲሉ በግድ አስቆምኳቸው።

ያልተሳካልኝ ጀላቲነስ ኪዩብ ነው። ጎኑ ሦስት ሜትር የሆነ፣ ብርጭቆ የመሰለ ዝልግልግ። አይናገርም፣ አይቀየምም፤ ያገኘውን እየዋጠ ያልፋል። (ሰርግ ላይ ቡፌው አጠገብ ሳላየው አልቀርም።)

አሁን ንጉሡ በዘንዶ ተከብቧል። ማንም አልሄደለትም። ቡድኑ ለጋሽ ወልዴ ሱቅ እየከፈተለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ላከች። ለሒሳብ ሠራተኛው አቀረብኩለት። «አይ፣ በልቻለሁ» አለኝ። እኔም ሐሳቤ ዘንዶው ላይ ስለነበር «እሺ» ብዬ ሳህኑን አነሣሁ። ፊቱን አጠቆረ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ዳይሱን ወደ እኔ ገፋው።

ጣልኩ። 3 ወጣ። ወጡን ወደ ዕቃው መለስኩት።