ትራስ ሥር የተገኘ ዳቦ

በጉዲፈቻ ልጅ ለማሳደግ ባሕር ስለተሻገሩት ባልና ሚስት የጻፋችሁትን አነበብኩ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ሆቴል ውስጥ ልጁ እስኪነጋ ሲያለቅስ «አልወደደንም» ብለው መደንገጣቸው አንጀቴን በላው። አይዟቸው! እኔ አውሮፕላን ሳልሳፈር፣ እዚሁ ጅማ ሆኜ ነው በጉዲፈቻ ልጅ ያገኘሁት። ድንጋጤው ግን ያው ነው።

የኔዋ ስትመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር። አላለቀሰችም። ዝም አለች፤ እሱ ይብሳል። ጫማዬን አላወልቅም ብላ እንዳደረገችው ተኛች። ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ ትራሷ ሥር ግማሽ ዳቦ አገኘሁ። ላነሳው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ በየማታው አንድ ዳቦ ራስጌዋ አስቀምጥላት ጀመር። ከወር በኋላ ሳይነካ ያድር ጀመር።

ጥፋቴ ሌላ ነው። በሁለተኛው ቀን ቡና አፍልቼ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። የጅማ ሰው ደግሞ ሕፃን አይቶ አያልፍም፤ ሁሉም አቀፋት፣ ሁሉም ሳማት። ማን እናቷ እንደሆነ ግራ ገባት መሰለኝ፣ ማታ ከኔ ሸሸች። ከዚያ በኋላ ማጉረሱም፣ ማጠቡም፣ ማዘሉም የኔ ብቻ ሆነ። አክስቴ ተቀየመችኝ፤ ይሁን።

ጽሑፉ ቋንቋን ዘሎታል። አገራችን በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከመከልከሏ በፊት ስንቱ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ተባብሎ ይሆን? «ጉዲፈቻ» ራሱ የኦሮምኛ ቃል ነው። እኔም በአማርኛ «ነይ» ስላት አትሰማኝም ነበር። በኦሮምኛ «ኮቱ» ያልኳት ቀን ቀና ብላ አየችኝና መጣች።