እንኳን ደስ አለህ፣ ፕራግን አወቅሃት

ድሮ ሰው አገር ለማወቅ ዕድሜውን ይፈጅ ነበር። ቋንቋ ይማራል፣ ጎረቤት ያፈራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ከቤት አከራይ ጋር ይጨቃጨቃል። ምስኪኖች! ዕድሜ ቦርሳ አዝሎ አገር ላገር ለሚዞረው ቱሪስት፣ ለባለቦርሳው፣ ዘንድሮ ይኼ ሁሉ ድካም ቀርቷል። ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲንገላታ አድሮ የቼክ ዋና ከተማ ፕራግ ይገባል፣ ስምንት ሰው በሚተኛበት የሆስቴል ክፍል ቦርሳውን ይወረውራል፣ ፊቱን ለቅለቅ አድርጎ ይወጣል፣ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ የቼክን ሕዝብ ጠባይ ጨርሶታል። "ሰዎቹ ቀዝቃዛ ናቸው" ይላል። ማንን አግኝቶ? የትራም ሾፌር። ሾፌሩ አልሳቀለትማ!

ፕራግ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። ባለቦርሳው በሁለት ቀን ውስጥ ያነጋገራት የከተማዋ ነዋሪ ቡና የሸጠችለት ልጅ ብቻ ናት፣ እሷም ከዩክሬን የመጣች ናት። የቀረውን ጥናት ያካሄደው ማታ ማታ ሆስቴሉ ኩሽና ውስጥ፣ ፓስታ እየቀቀለ፣ ከአንድ አውስትራሊያዊና ከሁለት ብራዚላውያን ጋር ነው። ሁሉም ቼኮች ቀዝቃዛ መሆናቸውን በአንድ ድምፅ አጽድቀዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ዝነኛውን ሰዓት እንዴት እንዳየው ግን ማንም ሊማርበት ይገባል። በአሮጌው ከተማ አደባባይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ፣ በፈረንጆቹ 1410 የተተከለ ሰዓት አለ። ሰዓት በሞላ ቁጥር አንድ አጽም ገመድ ስቦ ይደውላል፣ ከላይ ሁለት መስኮቶች ይከፈቱና ሐዋርያት በተራ ብቅ እያሉ ያልፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ዶሮ ይጮኻል። አለቀ። አንድ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ባለቦርሳው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ቦታ ይዟል። ስልኩን ሽቅብ ቀስሯል፣ የሚቀርጸው ግን ከፊቱ የቆመውን ሰው ስልክ ነው፣ የዚያኛውም ስልክ ከሱ ፊት የቆመውን ይቀርጻል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሐዋርያቱን በዓይኑ ያያቸው ሰው ካለ አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ነው። ዶሮው ሲጮህ ባለቦርሳው "በቃ ይኼው ነው?" ይልና ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ለሠራ ሰዓት ሁለት ኮከብ ይሰጠዋል። እጁ ይባረክ፣ አንድም መስጠት ይችል ነበር።

ከሰሌዳው ጎን መስታወት ይዞ ራሱን የሚያይ ምስል ቆሟል። የከንቱነት ምሳሌ ነው። ባለቦርሳው ለሱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ፀጉሩን አስተካክሎ ፈገግ ይላል። ሁለቱ ባንድ ፎቶ ሲወጡ ያምራሉ።

በነገራችን ላይ፣ ያ ሰዓት ለኛ ለሀበሾች ብዙ እንግዳ አይደለም። የውጨኛው ቀለበቱ የሚቆጥረው ጀንበር ከጠለቀችበት ጀምሮ ነው፣ ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ይላል። እዚያው ሰሌዳ ላይ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለውን ቀን ለ12 የሚከፍሉ መስመሮችም አሉ። ፈረንጁ ግራ ተጋብቶ የሚያልፈውን፣ "ከምሽቱ አንድ ሰዓት" እያልን ያደግን ሰዎች ቆም ብለን ብናየው በገባን ነበር። ግን የት አባታችን ቆመን። እኛም ስልክ ቀስረን ነው የምናልፈው።

የሰዓቱን ታሪክ ባለቦርሳው ጃንጥላ ከያዘው አስጎብኚ ሰምቷል። ጉብኝቱ ነፃ ነው፣ መጨረሻ ላይ ኮፍያ ከመዞሩ በስተቀር። ሐኑሽ የሚባል ሊቅ ሠራው አሉ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ ይህን የመሰለ እንዳይሠራ ዓይኑን አጠፉት አሉ። ባለቦርሳው እንባው ቀረሽ ሲል ቆይቶ ወዲያው ለተከታዮቹ አሰራጨው። ሰዓቱን የሠራው የካዳኑ ሚኩላሽ መሆኑን፣ የዓይኑም ነገር ተረት መሆኑን ሰነድ ይናገራል፣ ግን ሰነድ ማን ይወዳል? ሰነድ አያስለቅስ።

ከዚያ የቻርልስ ድልድይ። እዚህ የኔፖሙኩ ዮሐንስ ሐውልት አለ፣ ንጉሡ በ1393 ወንዝ ውስጥ ያስወረወረው ቄስ ነው። የንግሥቲቱን ንስሐ አላወጣም ብሎ ነው ይላል ሕዝቡ። ከሐውልቱ ሥር ያለውን የነሐስ ሰሌዳ የነካ ዕድል ይቀናዋል ስለሚባል፣ ሰሌዳው በሰው እጅ ተፈትጎ ወርቅ መስሏል። በሌላኛው ሰሌዳ ላይ ደግሞ አንድ ወታደር ውሻ ሲዳብስ ተቀርጿል። ውሻውም ያበራል! ውሻው ቅዱስ አይደለም፣ ገድል የለውም፣ ስለ ማንም ንስሐ የሚያውቀው ነገር የለም። አንዱ ሲነካ ሌላው አየ፣ ሌላው ሲነካ ሰልፍ ተፈጠረ። ባለቦርሳው ተሰልፎ ሁለቱንም ነክቷል፣ የትኛው እንደሚሠራ አይታወቅም ብሎ። ብልህ ልጅ።

ትርዴልኒክም በልቷል፣ በእንጨት ላይ ተጠምጥሞ የተጠበሰ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ሊጥ። "የጥንት ቦሄሚያ" የሚል ታፔላ ነበረው። ስሎቫኮች ስካሊጻ የምትባል ከተማቸውን ጠቅሰው የኛ ነው እያሉ በአውሮፓ ኅብረት አስመዝግበውታል፣ ቢሆንም ባለቦርሳው የቼክን የሺህ ዓመት ባህል ከነአይስክሬሙ ቀምሶታል።

ማታ ቢራ ቤት ገባ። የድሮዎቹ ቢራ ቤቶች ሥርዓት አላቸው፣ ብርጭቆህ ባዶ ሲሆን አስተናጋጁ ሳይጠይቅህ ሌላ ያመጣና ብጫቂ ወረቀትህ ላይ አንድ ጭረት ይጨምራል። በቃኝ ያለ ከብርጭቆው ሥር ያለችውን ካርቶን አንስቶ ብርጭቆው ላይ ይከድናታል። ባለቦርሳው ካርቶኗን ለማስታወሻ ኪሱ ከተታት። ቢራው መጣ፣ መጣ፣ መጣ። ሒሳቡ ሲነገረው "ቱሪስት ይዘርፋሉ" ብሎ ጻፈ። ለሰፊው ሕዝብ የተደረገ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሊመሰገን ይገባል።

የከተማዋ አስተዳደር ግን ውለታ ቢስ ነው። ባንድ ዓይነት ቲሸርት እየተመሩ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት በጩኸት የሚዞሩበትን የተደራጀ ጉብኝት በ2024 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ከለከለ። ምክንያቱ? ነዋሪው መተኛት አልቻለም። እስቲ አሁን አገራቸውን ሊያውቅላቸው ከዓለም ዳርቻ የመጣ ልጅ እያለ ይተኛል?

እኛም ዘንድ እኮ የሙያው ባለቤቶች ሞልተዋል። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ትራንዚት ላይ አራት ሰዓት ተቀምጦ፣ ከበር ሳይወጣ፣ ስለ ጀርመኖች የሥራ ባህል ቲክቶክ ላይ ሦስት ክፍል የሠራ ወንድም አለን። አራተኛው ክፍል ይቀጥላል ብሏል፣ እየጠበቅን ነው።

ባለቦርሳው ደግሞ ዛሬ ጠዋት በባቡር ወደ ቪየና ተነስቷል። መንገዱ አራት ሰዓት ያህል ነው። የቪየና ሰዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ ግን መንገድ ላይ ካለችው የቼክ ከተማ ብርኖ ሳይደርስ ጽፎ ይጨርሳል።