«መስኮት ክፈቱ» መልስ አይደለም

ባለፈው እሑድ በኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ላይ ኮሚቴው ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ቱቦ ለማስጠገን የቀረበለትን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። የተሰጠን ምክንያት ይህ ነው፦ «ሻጋታው የሚመጣው ቤት ውስጥ ልብስ ስለምታሰጡ፣ ቡናና ወጥ ስለምታበዙ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ቀለም ቀቡት።»

ቡና! በዚህ ሕንፃ ቡና የማያፈላ ማን አለ? በራችን ፊት ለፊት ያሉት እማማ በቀን ሦስቴ ያፈላሉ፤ ቤታቸው ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ አይታይም። የእኛን ደግሞ ኑና እዩ። ሻጋታው ማድ ቤትም ሻወር ቤትም የለም። ያለው ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል፣ እዚያም በአንዱ ጥግ ብቻ ነው፤ የተሰነጠቀው ቱቦ በውጭ በኩል ታክኮት በሚወርደው ግድግዳ ላይ። ከበላያችን ያሉትም ከበታቻችን ያሉትም ሻጋታቸው እዚያው ጥግ ላይ ነው። የወጥ እንፋሎት ቱቦ ተከትሎ ሦስት ፎቅ አይወርድም። የሚወርደው ውሃ ነው! ልስኑ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ስናደርገው ጀርባው አረንጓዴ ለብሶ አገኘነው፤ ውስጡ የተሰቀለው የልጄ ሹራብ ሳይቀር ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ቀለሙንም ቀብተናል፣ በበረኪና አጥበን፣ ሁለት ጊዜ። ነሐሴ ላይ ተመልሶ ወጣ።

እንፋሎት እርጥበት አይጨምርም አልልም። ግን በረንዳ ላይ ልብስ እንዳናሰጣ የከለከለን ይኸው ኮሚቴ ነው። ታዲያ የት እናስጣ?

የስድስት ዓመቷ ልጄ ሌሊቱን ስታስል ታድራለች። ለፋሲካ አያቷ ዘንድ ሁለት ሳምንት ስትቆይ ሳሉ ጠፋ፤ በተመለሰች በሦስተኛው ሌሊት ጀመራት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ከአስምና ከመተንፈሻ አካላት ሕመም ጋር እንደሚያያዙ አስፍሯል። ይህ የእኔ የወላጅ ጭንቀት ብቻ አይደለም።

«አኗኗራችሁ ነው» የሚለው አባባል ልጅ ገድሏል። እንግሊዝ አገር፣ ሮችዴል ውስጥ አንድ ከሱዳን የመጣ አባት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ስለ ሻጋታው አቤት ቢል ቀለም ቀባበት ተባለ። አከራዩ ድርጅትም በቤተሰቡ አኗኗር አሳበበ። ልጁ አዋብ ኢሻቅ በዲሴምበር 2020 በሁለት ዓመቱ ሞተ። ለሞቱ ምክንያቱ የቤቱ ሻጋታ መሆኑ በ2022 በይፋዊ ምርመራ ተረጋገጠ። ዛሬ በስሙ ሕግ አለ፤ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ የማኅበራዊ ቤት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በርካሽ የሚከራይ ቤት) አከራዮች ድንገተኛ አደጋ ያለበትን ቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ማስተካከል ግዴታቸው ነው።

የእኛ ቱቦ ስንጥቅ ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀና ላለ ሰው ይታያል። ከኮሚቴው አባላት አንድም ሰው ወጥቶ ሳያየው ተወሰነብን። ውሳኔው ይሻር፤ ቱቦው ከሰኔ ሚካኤል በፊት ይቀየር።